ጅብ አጥኚው ሌሊቱን ምን ሲሠራ ያድራል?

ሐረር ላይ ጅብ እንግዳ አውሬ አይደለም። የጀጎል ግንብ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮቹ ሌላ ግርጌው ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅብ በእነሱ እየሾለከ ይገባል፣ ይወጣል። ሐረሪው «ወራባ» ይለዋል፣ ኦሮሞው «ወራቤሳ»። በአሹራ በዓል ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉ ታይቶም የዓመቱ ዕድል ይነገራል። የቆሻሻ ገንዳውን እየበረበረ በጠባቦቹ መንገዶች ሲያልፍ ሰው ጥግ ይዞ ያሳልፈዋል እንጂ አይደነግጥም።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው አንድ ጥያቄ አያመልጠውም። «አቦ፣ ጅብን ለማወቅ ደግሞ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል እንዴ?» ይባላል። ተማሪም ይጠይቃል፣ ሽማግሌም ይጠይቃል። አንድ ሰው 20 እና 30 ዓመት ሙሉ የዱር እንስሳ ሲከተል ኖረ ሲባል ምን ሲሠራ እንደኖረ ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። ሐኪም ያክማል፣ መሐንዲስ ይገነባል፤ የዱር እንስሳት ተመራማሪስ?

የሐረር ሰው ጅብን ያውቃል፤ ይህን አልክድም። ተመራማሪው የሚጨምረው ሁለት ነገር ነው፦ አንዱን ጅብ ከሌላው ለይቶ መመዝገብ፣ መዝገቡንም ሳያቋርጥ ለዓመታት መያዝ። መማሩ፣ መሣሪያው፣ የሚታተመው ጽሑፍ ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ምገባው ላይ የሚታየውና የማይታየው

ማታ ከግንቡ ውጪ ምገባው ቦታ ቆማችኋል እንበል። መጋቢው በርከክ ብሎ ቁራጭ ሥጋ በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይዘረጋል፤ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ይይዘዋል። ቱሪስቱ ስልኩን አውጥቶ ጅቡ ሥጋውን የሚመነጭቅበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ጅብ አጥኚ አጠገቡ ቢቆም ዓይኑ የሚያርፈው ሥጋው ባልደረሳቸው ጅቦች ላይ ነው። የባጃጁ መብራት ከሚደርስበት ጠርዝ ላይ የቆመችው ለምን አትቀርብም? ያቺ ትልቋ ስትመጣ የትኞቹ ገለል አሉ? ማን ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ? ማን ጭራውን ቀስሮ ባለበት ቆመ?

ጆሮ መለጠፍና አንገት ማቀርቀር መሸነፍን መቀበል ነው። የተቀሰረ ጭራ ግልፍታን ያሳያል። አጥኚው እያንዳንዷን ፍጥጫ ይጽፋል፦ ሰዓቱን፣ ማን በማን ላይ እንደተነሳ፣ ማን እንደለቀቀ። አንዷ ፍጥጫ ብቻዋን ምንም አትነግረንም። ከብዙ ወራት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩት ሲደመሩ ግን ከላይ እስከ ታች የመንጋው የሥልጣን ተዋረድ ይወጣል።

ያን ጊዜ የሚታየው ነገር ሰውን ያስገርማል። በባለ ነጠብጣቡ ጅብ መንጋ የበላዮቹ ሴቶች ናቸው። ሴቷ ከወንዱ በመጠኑ ትገዝፋለች፤ የበላይነቷ ምንጭ ግን ጉልበት ብቻ አይደለም። በታንዛንያ ንጎሮንጎሮ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስምንት መንጎችን ሲከታተሉ የኖሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሁለት ጅቦች ሲፋጠጡ የሚያሸንፈው ደጋፊ የሚበዛለት ነው። ሴቷ በተወለደችበት መንጋ ውስጥ ትኖራለች፤ እናቷ፣ እህቶቿ፣ አክስቶቿ ከጎኗ አሉ። ወንዱ ሲጎለምስ ብዙውን ጊዜ አገሩን ጥሎ ሌላ መንጋ ውስጥ ይገባል። እዚያ ዘመድ የለውም፤ ከታች ይጀምራል።

ግልገሏ ደግሞ የእናቷን ደረጃ ተከትላ ከእሷ ቀጥሎ ትቀመጣለች። በደም ይሆን? እዚያው ታንዛንያ፣ ሴሬንጌቲ ውስጥ የታዩ ጥቂት ግልገሎች ለዚህ መልስ ሰጥተዋል፤ ሌላ እናት ተቀብላ ያሳደገቻቸው ነበሩ። ሲያድጉ የያዙት የወላጃቸውን ሳይሆን የአሳዳጊያቸውን ደረጃ ነው። ደረጃው በደም ሳይሆን በድጋፍ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ይህን መሰሉ ገጠመኝ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ማን የማን ልጅ እንደሆነች አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ግልገሏ አድጋ ከሌሎች ጋር እስክትፋጠጥም መጠበቅ ግድ ነው።

ጾታን መለየት እንኳ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሴቷ ብልት ከውጪ ሲታይ የወንዱን ስለሚመስል፣ «ጅብ አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት ይሆናል» የሚለው ወሬ ከጥንት ግሪኮች ዘመን ጀምሮ ሲዞር ኖሯል። ዛሬ በመስክ ያለ ሰው በቅርጽ ትንንሽ ልዩነትና በጡት ይለያል፤ ለመለየትም ዓይን እስኪለምድ ጊዜ ይፈጃል።

ሳቁም የራሱ ትርጉም አለው። ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በግቢ ይጠበቁ የነበሩ 26 ጅቦች ድምፅ ተቀድቶ ተመርምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንደሚለው የሳቁ ቅጥነትና ውፍረት የጅቡን ዕድሜ፣ የድምፁ መለዋወጥ ደግሞ የበላይነቱን ወይም የበታችነቱን ይጠቁማል። ጅብ የሚስቀው ደስ ሲለው ሳይሆን ሲጨነቅ ነው፤ ምግብ አጠገቡ ሆኖ ሲከለከል፣ ሲባረር፣ ሲፈራ። ምገባው ላይ የምንሰማው ሳቅ አብዛኛው ተራ ያልደረሰው ጅብ ድምፅ ነው።

ስንት ናቸው?

ሐረር ውስጥ ስንት ጅብ እንዳለ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ሁለት ቁጥር ትሰማላችሁ። ዛሬ ማታ 15 አየሁ፣ ነገም 15 አየሁ ያለ ሰው 15 ይሁን 30 ያየው አያውቅም። መፍትሔው ነጠብጣቡ ነው። የአንዱ ጅብ ነጠብጣብ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ እንደ ሰው አሻራ ነው። የግራ ጎኑና የቀኝ ጎኑም ይለያያሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጅብ የሁለቱም ጎን ፎቶ ይያዛል። የተቀደደ ጆሮ፣ ጠባሳ፣ የተቆረጠ ጭራ ይጨመራል። ጅቡ ሲያረጅ ነጠብጣቡ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ፎቶው በየጊዜው ይታደሳል።

ፎቶዎቹ ከተያዙ በኋላ ያላየናቸውን ጭምር መገመት ይቻላል። እንበል የመጀመሪያው ሌሊት 20 ጅቦች ለየን። ከሳምንት በኋላ ተመልሰን 20 አየን፤ 10ሩ ቀድመን የምናውቃቸው ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው ሌሊት ካየናቸው ግማሹ የታወቁ ከሆኑ፣ መጀመሪያ የለየናቸው 20ዎቹም ከጠቅላላው ግማሽ ያህል ናቸው ማለት ነው። ጠቅላላው ወደ 40 ይጠጋል። የዱር እንስሳት ቆጠራ ትልቁ ክፍል በዚህ ቀላል ሐሳብ ላይ የተገነባ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ ወጥመድ አለው። ስሌቱ የሚሠራው እያንዳንዱ ጅብ የመታየት ዕድሉ እኩል ከሆነ ነው። ከላይ እንዳየነው ደግሞ ምገባው ላይ እኩልነት የለም፤ የበላዮቹ በየማታው ይመጣሉ፣ የበታቾቹ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ደጋግመው የሚታዩት እነዚያው ስለሚሆኑ፣ ምገባው ላይ ብቻ ቆሞ የቆጠረ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። ጥሩ ተመራማሪ ከተራ ቆጣሪ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ቁጥሩ በየት በኩል ሊሳሳት እንደሚችል ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ቄራው አካባቢ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ፣ ጉድጓዳቸው አጠገብም ይቆማል።

ጅብ ከሰው በሚሸሽበት አገር ዘዴው ሌላ ነው። ሌሊት በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የተጨነቀ እንስሳ ጩኸትና የጅቦች ጠብ ይለቀቃል። ጅቦቹ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሰምተው ይመጣሉ፤ የመጡት ይቆጠራሉ፤ ከዚያ መኪናው ቀድሞ ወደተመረጠ ሩቅ ቦታ ሄዶ ድምፁን እንደገና ይለቃል።

ንጋት ላይ የታየውና ሌሊት የታየው

በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ምን ሊለወጥ እንደሚችል ለማየት ሃንስ ክሩክን መጥቀስ ይበቃል። ክሩክ ሆላንዳዊ የእንስሳት ተመራማሪ ነው፤ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኒኮ ቲንበርገን ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ሴሬንጌቲ ሲገባ ጅብ የሌላውን ትራፊ ለቃሚ፣ ፈሪ ሌባ ተደርጎ ይታይ ነበር። ለዚህ ማስረጃ የሚባለው ንጋት ላይ የሚታየው ነው፦ አንበሳው በግዳዩ ላይ ተጋድሞ ይበላል፣ ጅቦቹ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ያየ ሁሉ አንበሳው ገደለ፣ ጅቡ ሊለቅም መጣ ብሎ ይደመድማል።

ክሩክ ጅቦቹን በጨረቃ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ ተከተላቸው። ያየው የተገላቢጦሹን ነበር። በተለይ ንጎሮንጎሮ ውስጥ ጅቦቹ የሚበሉትን አብዛኛውን ራሳቸው አድነው ይገድላሉ፤ አንበሳው ጅቦቹ በግዳዩ ላይ የሚያሰሙትን ጩኸት ሰምቶ ይመጣና ይነጥቃቸዋል። ንጋት ላይ ቆመው የሚታዩት ጅቦች የተዘረፉት ባለቤቶች ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ያየው ትዕይንት ልክ ነው፤ የጎደለው ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓታት ናቸው።

እኛም «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» እንላለን። የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ወገቡ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ሲራመድ የሚያነክስ ይመስላል። ያው ሰውነት ግን ትልቅ ልብ አለው፤ ለረጅም ርቀት ሩጫ የተሠራ ነው። እየሮጠ አድኖ የሚያደክም እንስሳ መሆኑን ያረጋገጠው ጽናት ያለው ክትትል ነው።

ታዲያ የሐረር ጅብ አዳኝ ነው ወይስ ለቃሚ? ሐረር ላይ አጥንትና ትራፊ ያገኛል፤ ይለቅማል። ጅብ የሚሆነው ቦታው እንዲሆን የሚፈቅድለትን ነው። ይህን በአገራችን ከሁሉ በተሻለ ያሳየው የሚከተለው ጥናት ነው።

ጾሙ ጅቡ ላይ ሲደርስ

ግደይ ይርጋ ጥናቱን ሲያካሂድ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር። የትግራይ ጅቦች የሚኖሩት የዱር ታዳኝ እንስሳ እምብዛም በሌለበት አገር ነው፤ የሚበሉት ከሰው ጓዳና በረት የሚወጣውን ነው። ግደይና ባልደረቦቹ ያነሱት ጥያቄ እዚህ አገር ላደገ ሰው ብቻ የሚመጣ ይመስለኛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክርስቲያኑ ሥጋ አይበላም፤ ከብት አይታረድም፤ አጥንትና አንጀት አይጣልም። ያን ጊዜ ጅቡ ምን ይበላል?

ጅብን «ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ዓይነ ምድሩን ግን ማየት ይቻላል። የጅብ ጨጓራ አጥንትን ሳይቀር ይፈጫል፤ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ የሚነጣው ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ነው። ጸጉርን ግን አይፈጭም። ተመራማሪው ዓይነ ምድሩን ሰብስቦ ያደርቃል፣ ያጥባል፣ ጸጉሮቹን ለይቶ በማይክሮስኮፕ ያያል። የአህያ፣ የላም፣ የፍየል፣ የበግ፣ የውሻ ጸጉር የላይኛው ቅርፊቱና የመሐሉ አሠራር ይለያያል። አስቀድሞ ከየእንስሳው የተወሰደ ናሙና ተይዞ ከእሱ ጋር ይመሳከራል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ይሸታል፤ አንድ ሰው ለሳምንታት አንገቱን ደፍቶ ይሠራዋል።

ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የተሰበሰበው ዓይነ ምድር ተነጻጸረ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘው ከሰባቱ በአንዱ ገደማ ነበር። በጾሙ ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ሆነ። ጾሙ ሲፈታ እንደገና ቀነሰ። ቄራው ሲዘጋ ጅቡ ወደ አህያው ዞረ ማለት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ የሰው የጾም አቆጣጠር በዱር አውሬ ምግብ ላይ እንደሚነበብ ለዓለም ያሳየ ሥራ ነው።

ይህ ግኝት የሚነግረንንና የማይነግረንን መለየት ያስፈልጋል። ጸጉሩ አህያ መበላቱን ይናገራል፤ በሕይወት ሳለ ተይዞ ይሁን ሞቶ ተጥሎ አይለይም። ስንት ኪሎ እንደተበላም አይነግረንም። የባለ አህያው ገበሬ ጉዳይ ግን ከዚሁ ይጀምራል፦ አህያን በረት ውስጥ ማሳደሩ ከሁሉ የሚበልጠው በእነዚያ 55 ቀናት ነው። ጥሩ ጥናት የገበሬውን ደጅ ሲያንኳኳ እንዲህ ነው።

ይህን ወደ ሐረር ስናመጣው ጥያቄው ይቀየራል። ጀጎል ውስጥ የሚበዛው ሙስሊም ነው፤ ረመዳን እርድን አያስቆምም። አረፋ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ከብት የሚታረድበት ነው። ከግንቡ ውጪ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን ይጾማል። ሁለት የቀን መቁጠሪያ በአንድ ከተማ ጅብ ሆድ ውስጥ ይገናኛል። አረፋ የሚውልበት ቀን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ የዝናቡን ወቅትና የበዓሉን ውጤት ለመለየት ብዙ ዓመት መመዝገብ ይጠይቃል። እዚህ ከተማ ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ የጥናት ርዕስ አላውቅም።

ጅቡ የሚያወጣው ገንዘብ

ግደይ ከቺንማይ ሶናዋኔና ከኒል ካርተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላ ጥናት አሳትሟል። መቀሌ ዙሪያ ያሉት ወደ 200 የሚጠጉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳ በድንና ትራፊ እንደሚያጸዱ ገመቱ። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢቀር ኖሮ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ይዛመት ነበር። በስሌታቸው መሠረት ጅቦቹ በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየልን ከእነዚህ በሽታዎች ያድናሉ፤ ይህም በገንዘብ ሲተመን ከ52 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው።

ይህ ግምት እንጂ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ጅቡ ስንት እንደሆነ፣ አንዱ ስንት ኪሎ እንደሚበላ፣ በሽታው በምን ፍጥነት እንደሚተላለፍ የተገመቱ ቁጥሮች ተባዝተው የወጣ ነው። ቢሆንም ከተማ አስተዳደር ፊት ቀርቦ «ጅቡ ይጠቅመናል» ብሎ ከመናገርና 207 ቶን ብሎ ከመናገር የቱ እንደሚሰማ ግልጽ ነው። ጥበቃ ማለት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ በሌሊት የተጻፈው ማስታወሻ በቀን ስብሰባ ላይ ቁጥር ሆኖ ሲቀርብ።

ዘመኑ ለምን ይረዝማል?

ኬይ ሆልካምፕ ኬንያ ማሳይ ማራ ውስጥ ጅቦችን መከታተል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሥራዋ ከ30 ዓመት በላይ ዘልቋል፤ የመጀመሪያዎቹን ጅቦች የልጅ ልጆች፣ የእነዚያንም ልጆች አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት የ27 ዓመት መዝገብ ያገናዘበ ነው። ከዚያ የተገኘው ግልገል ከእናቷ የምትወርሰው ደረጃን ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ወዳጆቿንም ትወርሳለች። እናቷ ከማን ጋር ትቀራረብ እንደነበር ካወቅን፣ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትውል መገመት ይቻላል። ይህ በበላይ እናቶች ልጆች ላይ ይበረታል። ወዳጅነቱም ለዓመታት ይቆያል።

እንዲህ ያለው ነገር በሁለት ወር የመስክ ሥራ አይታይም። ሴት ጅብ እስክትወልድ ጥቂት ዓመታት ያልፋሉ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች፤ ዱር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ገደማ ልትኖር ትችላለች። አንድ የማስተርስ ተማሪ በሁለት ዓመት የሚያየው ከአንዲት ጅብ ዕድሜ አንድ አሥረኛውን ነው። ሌላውን የሚያየው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው፤ መዝገቡ ተጠብቆ ከደረሰው።

ከሐረር ብዙም ሳይርቅ ያለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያም ይህንኑ ይነግረናል። መጠለያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዝሆኖቹ ከሌሎች ዝሆኖች ተነጥለው የቀሩ ናቸው፤ እንደ ወቅቱ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይዘዋወራሉ፤ ከሚበሉትም አንዱ ቁልቋል ነው። ይርመድ ደመቀ እነዚህን ዝሆኖች ሲያጠና ዓመታት አሳልፏል። ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች፣ 60 ዓመት ትኖራለች። በዚህ ፍጥነት የሚባዛ እንስሳ እየበዛ ይሁን እያለቀ ለማወቅ አምስት ዓመት ምንም ማለት አይደለም፤ አዳኝ ግን በአንድ ወቅት ሊጨርሰው ይችላል።

ለመግባት የሚያስፈልገው

ይህን ክፍል አሳጥረዋለሁ። ባዮሎጂ ወይም የዱር እንስሳት አያያዝ በዲግሪ፤ ከዚያ ማስተርስ፣ ከዚያ ዶክትሬት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የሐዋሳው ወንዶ ገነት ኮሌጅ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመስክ ሥራ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይወጣል። ስታቲስቲክስ ግዴታ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል። ከእንስሳ ጋር የሚሠራ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስቀድሞ ይወስዳል፤ ሌሊት ብቻውን አይወጣም። የቀኑ ግማሽ ገንዘብ መጠየቂያ ሲጻፍ፣ ሌላው ግማሽ የተሰበሰበው ሲጸዳና ሲሰላ ይውላል። ጅቡ ፊት የሚቆሙበት ሰዓት ከሁሉ ያጠረው ነው፤ ይህን የማይወድ ልጅ ሥራውን አይወደውም።

ሐረር ላይ ቢጀመር

ከአውስትራሊያ ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የሥነ ሰብእ ባለሙያ ማርከስ ቤይንስ ሮክ ሐረር ተቀምጦ ጅቦቹን በየመንገዱ በእግሩ እየተከተለ አጥንቷል። ሰውና ጅብ በአንድ መንገድ እንዴት እንደሚተላለፉ፣ የከተማዋ ጅቦችም አንድ ሳይሆኑ እርስ በርስ የሚጣሉ የተለያዩ መንጎች መሆናቸውን ጽፏል። ያ በአንድ ሰው የተከፈተ በር ነው። ቀጣዩ ሥራ ብዙ ሰውና ብዙ ዓመት የሚፈልገው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የየመንጋው ጅቦች የሁለት ጎን ፎቶ ተይዞ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ጉድጓዱ ጋ የትኛዋ የትኛዋን እንደምታጠባ ታይቶ የእናትና የልጅ ዝርዝር ይወጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ምገባው ላይ የሚበላና የማይበላ ጅብ በልጆቹ ቁጥርና በዕድሜው ይለያይ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ይህ የእኔ ዋና ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ እየሰፋች ነው፣ በየኮረብታው ቤት እየተሠራ ነው፣ ጉድጓድ የሚቆፈርበት መሬት ያንሳል። ጅቡ በምገባው ላይ ያለው ጥገኝነት እየጨመረ ከሆነ፣ ምገባው አንድ ቀን ቢቋረጥ የሚሆነውን አስቀድመን ማወቅ አለብን። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ዛሬ ግልገል የሆነችው እናት ሆና ልጇ የማንን ደረጃ እንደያዘች ይታያል።

ግማሹ መዝገብ ግን አሁንም አለ፤ በመጋቢዎቹ ራስ ውስጥ። ጅቦቹን በስም ይጠሯቸዋል። ማን የማን ልጅ እንደሆነች፣ የትኛዋ በየትኛው ክረምት እንደጠፋች፣ የትኛዋ ከማን ጋር እንደማትስማማ በቃላቸው ይነግሯችኋል። ይህ በሌሎች አገሮች ተመራማሪ ዓመታት ፈጅቶ የሚያገኘው ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚያስብ ወጣት ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ደብተር ይዞ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ የእያንዳንዷን ጅብ ስም፣ እናቷን፣ መጀመሪያ የታየችበትን ጊዜና መለያዋን በእነሱ አንደበት ቢጽፍ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የእነሱ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ጥናቱ ሲታተምም ስማቸው ከአጥኚዎቹ ስም ጋር አብሮ መስፈር አለበት።